ቡላ ደምሴ፣ ዕድሜ ሰባት

አሥር ዓመቴ ነበር። በእርግጠኝነት የምናገረው በዚያ ዓመት ከአምስት ሊትሩ ጀሪካን ወደ አሥር ሊትሩ ስለተሸጋገርኩ ነው። በእኛ ቤት የሴት ልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው ከምንጭ በምታወጣው ውሃ ነበር። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «አሥር ሊትር ገብታለች» ትል ነበር፤ ሰውም ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ አንድ ጠርሙስ ነው። ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ሠርግ ሚዛን ሄጄ ከመናኸሪያው ወጣ ብዬ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ካለው ግቢ የተሰጣ ቡና ሸተተኝ። የደረቀው አይደለም፤ ገና ትናንት የተለቀመው፣ ቀዩ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ጣፈጥም ኮምጠጥም የሚለው። ዞር ስል አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አየሁ። በመስታወቱ ውስጥ ሰፊው ጠርሙስ ቆሟል፤ የጎማ ክዳን፣ ላም የተሳለችበት ወረቀት። ካልሲየም ነው። የባጃጁ ሹፌር «እናት፣ አይገቡም እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ጡጫዬን ጨብጬ ከጠርሙስ ጋር ተፋጥጬ ነበር። ሰው በጠርሙስ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። ይኸው እስካሁን ስላልበረደልኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ቤታችን ከሚዛን ወደ ገጠሩ ሲወጣ፣ ቡናው ከጥላ ዛፉ ሥር ተጠጋግቶ የሚበቅልበት ዳገት ላይ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ በሕፃንነቴ ነው የሞተው። ግቢውን የሚመራው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ነበር። ቤቱ ከእኛ ቤት አጠገብ፣ በአንድ አጥር ውስጥ። ቡናውን የሚያስለቅም እሱ፣ የሚያሰጣ እሱ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም «ሸራ! ሸራ!» ብሎ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ እሱ። ክፉ ሰው አልነበረም። አስቀድሜ የምናገረው ንዴቴ እንዳያሳስታችሁ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ ረስቼው ነበር።

ጥፋቱ አንድ ነው፤ የማያውቀውን አያውቅም። አንድ ጊዜ ያየውን ነገር የተማረው ይመስለዋል። ያን ዓመት ክረምት ሲወጣ ላማችን ቦራ ወለደችና በማግስቱ ወደቀች። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ልትሞት ነው ብለን ከበብናት። ከከተማ የመጣው ባለሙያ ያን ሰፊ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይዞ በአንገቷ ደም ሥር ቀስ እያደረገ አንጠባጠበላት። «ወተቱ ካልሲየሟን ወስዶባት ነው» ሲል እኔ ለውሃ ወርጄ ነበር። ጀሪካኔን ሞልቼ ከምንጭ ስመለስ ቦራ ቆማ ጥጃዋን ትልሳለች! ጋሼ ደምሴ ዓይኑን ማመን አቃተው። በሳምንቱ ያንኑ ዓይነት ጠርሙስና አንድ ትልቅ መርፌ ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያዛጋ እንኳ «ያን ነገር ባጠጣህ ትነሣ ነበር» ይል ጀመር። እኛ ልጆቹ «የጉልበት መድኃኒት» ነበር የምንለው። ካልሲየም የሚለውን ስም እሱ ሰምቷል፤ እኔ አልሰማሁም። ይህን ያዙልኝ።

ውሻችን ቡላ ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ መልኩ ከእንሰት ተጨምቆ እንደሚረጋው ቡላ ነጣ ያለ ስለነበር። ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ሥራው ከባድ ነው፤ ዝንጀሮ ከበቆሎው ማባረር፣ ከርከሮ ከጎደሬው ማባረር፣ ቡናው በተሰጣበት ወራት ከሸራው አጠገብ መተኛት። ደሞዙን የምከፍለው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ተከትዬ ገበያ ስወርድ ሉካንዳው በር ላይ እቆማለሁ። ባለ ሉካንዳው «የቡላ ሚስት መጣች!» ብሎ ያሾፍብኛል፤ አጥንቱን በኮባ ጠቅልሎ ይሰጠኛል። ዳገቱን ስወጣ ቡላ ሽታውን ከሩቅ አግኝቶ መንገድ ላይ ይቀበለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ የጠበቀኝ የለም።

በጥቅምት መጀመሪያ ይመስለኛል ውሃ መጠጣት የጀመረው። ውሻ ውሃ ቢጠጣ ምን ያስገርማል? ግን ይህ መጠጣት አይደለም። የሱን ሳህን ጨርሶ የዶሮዎቹን ይጠጣል፣ የዶሮዎቹን ጨርሶ እጅ መታጠቢያውን ይጠጣል፣ ከዚያ ከጀሪካኔ አፍ የሚንጠባጠበውን እየላሰ ይከተለኛል። የጠጣውን ወዲያው ይሸናል። ሸንቶ ሳይጨርስ ተመልሶ ይጠጣል። እኔ ሆዱ የተቀደደ መሰለኝ። ጣሳ ከታች ተበስቶ ውሃ እንደሚያፈስ። በጀርባው አስተኝቼ ቀዳዳውን ስፈልግ ዋልኩ።

ቀዳዳ አጣሁ፤ ሌላ ነገር አገኘሁ። ከመንጋጋው ሥር በግራም በቀኝም ድብልብል ያለ ነገር። ህመም የለውም፣ ስጫነው አይጮህም፣ ከጣቴ ሥር ሙልጭ ይላል። በልቤ «አገኘሁህ!» አልኩ። ቀይ ቡና ውጦ ነው። ቡናው ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ሊበቅል ነው፤ ውሃ የሚጠማውም እሱ ሳይሆን ቡናው ነው። ችግኝ እንዴት ውሃ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ የችግኙንም ውሃ የማመላልሰው እኔ ነኛ! አትሳቁ። ከትልልቆቹ ግምት የእኔ ይሻል ነበር፤ እኔ ቢያንስ ዳስሼዋለሁ።

ትልልቆቹማ ምን አሉ? ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፦

«አብዷል ይሄ ውሻ! ለሀጩን አታዩትም?»

«ለሀጭ አይደለም እማማ፣ ውሃ ነው። ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ብላ አስተማሪያችን ነግራናለች። የእኛማ ውሃውን ፈጀው!»

«ይህቺ ደግሞ! ስንት ያበደ ውሻ አይተሽ ነው?»

«እርስዎስ ስንት አይተው ነው?»

እናቴ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እማማ ዘነበች ግን ወሬውን ይዘው ሄዱ፤ ከሰዓት ሳይደርስ ልጆች በእኛ በር ማለፍ አቆሙ።

ጋሼ ደምሴን ያስጨነቀው እብደቱ አይደለም፤ ቡናው ነው። ከፍ ባለው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው አይነካም፤ መሬት ላይ በሸራ የተሰጣው ግን ቡላ የሚተኛበት ነው። አንድ ቀን የሸራው ጥግ ርሶ ተገኘ። ጋሼ አንድ እፍኝ አንሥቶ አሸተተና ፊቱ ተለዋወጠ። መጥቶ የቡላን ሳህን በእግሩ ገለበጠው።

«ካልጠጣ አይሸናም» አለ። «ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።»

ከዚያም አቮካዶው ሥር አሰረው። ውሃ የሚያይበት፣ ግን የማይደርስበት ቦታ! እኔ ከምንጭ ስመለስ የጀሪካኑን ጫጫታ ሰምቶ ይነሣና ገመዱ አንገቱን ይዞ ያስቀረዋል። አይጮህም። ቡላ ዝንጀሮ ላይ እንጂ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ምላሱን አውጥቶ ያየኛል። በሽንኩርት ማስቀመጫ ጣሳ እየደበቅኩ አጠጣው ጀመር። ሁለት ጊዜ ተያዝኩ፤ ሁለት ጊዜ ተገረፍኩ። ውሃ የሚቀዳው በእኔ ጀርባ ነው፤ ማን ይጠጣ የሚለው ግን በእሱ ቃል ነው። ይህን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

በአራተኛው ቀን ቡላ ምግብ ተወ። የኋላ እግሩ ሲቆም ይንቀጠቀጣል። ያስመልሰዋል፤ ወገቡን አጉብጦ ያምጣል፣ ምንም አይወጣውም። ቅዳሜ ያመጣሁለትን አጥንት አሸተተና በአፍንጫው ወደ እኔ መለሰው። ሰው «ይቅርብኝ፣ አንቺ ብዪው» እንደሚል።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሚዛን አጠገብ ወዳለችው አማን ሄድኩ፣ በእግሬ። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ ዶክተር ሳሙኤል። ስደርስ የአንድ ሰውዬ በቅሎ እግር እያሰረ ነው። ዩኒፎርሜ በላብ ርሷል። አየኝና፦

«ምን ሆንሽ የኔ እመቤት?»

«ውሻዬ ጉሮሮው ላይ ቡና በቅሎበታል።»

የበቅሎው ባለቤት በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ አልሳቀም። «የት ጋ? አሳዪኝ» አለና አንገቱን ዘርግቶ ሰጠኝ። እኔም በዶክተሩ መንጋጋ ላይ ቦታውን አሳየሁት። ፊቱ ከበድ አለ። «ነገ ወደ እናንተ ሰፈር ለከብት ክትባት እወጣለሁ። እመጣለሁ» አለኝ። መጣም! በትልቅ ሰው ከተነገረኝ ተስፋ ሁሉ የተፈጸመው እሱ ነው።

ሞተሩን አጥሩ ሥር አቁሞ ቡላ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። መንጋጋውን ዳሰሰ፣ ከትከሻው ፊት ዳሰሰ፣ ከጉልበቱ ኋላ ዳሰሰ። የእኔን ጣት ይዞ አስነካኝ፤ እዚያም ድብልብሉ አለ። «ቡና አይደለም ጽጌ፤ ግን ቦታውን በትክክል አግኝተሻል» አለኝ። ከእግሩ ደም ቀዳለት። አማን ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛ አለው፤ የሰው ላብራቶሪ ነው፣ ለሱ ሲል ያይለታል። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቅጽ አወጣ።

«ስም?»

«ቡላ።»

«የአባት ስም? ቦታው ባዶ ከሆነ አይቀበሉኝም።»

አባቱን ማን ያውቃል! የቤቱ አባወራ ግን ይታወቃል። «ደምሴ» አልኩ።

«ቡላ ደምሴ» ብሎ ጻፈ። «ዕድሜ?»

«ሰባት።»

ጋሼ ደምሴ የቡና መጥረጊያውን እንደያዘ ደርቆ ቆመ። «ምን አልክ አንተ? ውሻ በእኔ ስም?» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እማማ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ «ደምሴ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ!» አሉ። ያን ዓመት በግቢያችን ለመጨረሻ ጊዜ የተሳቀው ያኔ ነው።

ዶክተሩ ሲሄድ ሦስታችንንም አቁሞ ነገረን። «ውጤቱ እስኪመጣ ውሃ የፈለገውን ያህል ይጠጣ። ውሃ ከከለከላችሁት ኩላሊቱ ይሞታል። መድኃኒት ደግሞ ምንም፣ ምንም እንዳትሰጡት።» ጋሼን እያየ ነው የተናገረው። ጋሼም ራሱን ነቀነቀ።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው። እናቴ ትንሹን የሐሙስ ገበያ ወርዳለች። ጋሼ ደምሴ ሳጥኑን ሲከፍት ሰማሁት። ጠርሙሱን በአንድ እጁ፣ መርፌውን በአንድ እጁ ይዞ ወጣ።

«ጽጌ፣ ነይ ራሱን ያዢልኝ።»

«ዶክተሩ ምንም እንዳትሰጡት ብሏል።»

«ዶክተሩ! ጢሙ ገና አልወጣ፣ እሱ ነው ለእኔ የሚነግረኝ? ቦራን ማን አስነሣት?»

«ያኛው ሐኪም።»

«ጠርሙሱ ነው ያስነሣት! ጠርሙሱ ደግሞ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ውሸት ልጽፍ እችል ነበር። ጎትቶ ወሰደኝ፣ አስገድዶ አስያዘኝ ማለት እችል ነበር። አላስገደደኝም። ቦራ ተነሥታ ቆማ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡላም ተነሥቶ ዝንጀሮውን ሲያባርር ታየኝ፤ ሮጬ ሄጄ ራሱን በጭኔ ላይ አድርጌ ጆሮውን ይዤ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ ቦራንም አስነሥቷታል» አልኩት። እኔም አመንኩ። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ከአንገቱ ቆዳ ሥር፣ ሦስት ቦታ ወጋው። በወጋው ቁጥር ቡላ ወደ መርፌው አልዞረም፤ ወደ እኔ ነው ያየው። ከዚያ እንዲነሣ መጠበቅ ጀመርኩ። ጀሪካኔን ይዤ ምንጭ ወረድኩ፤ ስመለስ ቆሞ አገኘዋለሁ ብዬ። ስመለስ ሰውነቱ ሁሉ ይርገበገባል፣ አስመልሶታል፣ ጅማቱ ከቆዳው ሥር ትል ያለበት ይመስል ይላወሳል።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አለ ጋሼ። ጠርሙሱን ወስዶ ቆለፈበት። «ለእናትሽ አትንገሪያት፤ ሴት ትደነግጣለች።»

አልነገርኳትም። የታላቅ ቃል ነዋ!

በማግስቱ ዶክተር ሳሙኤል ወረቀቱን ይዞ መጣ። እናቴ ወንበር አወጣችለት፣ እሱ ግን አልተቀመጠም። ያለው ሁሉ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያገላበጥኩ፣ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ እያስቸገርኩ ነው ያቀናሁት። ድብልብሎቹ ካንሰር ናቸው። ካንሰሩ ለሰውነት የሐሰት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሰውነቱም ታዝዞ ከገዛ አጥንቱ ካልሲየም እየፈታ ወደ ደሙ ይለቃል። ደሙ ውስጥ የበዛው ካልሲየም ኩላሊቱ ውሃ እንዳይዝ ያደርገዋል። የሚጠማውም፣ የሚሸናውም፣ እግሩ የሚከዳውም ለዚህ ነው። «ስለዚህ» አለ ዶክተሩ፣ «በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ አጠገብ ካልሲየም የሚባል ነገር እንዳይደርስ።»

ጋሼ ደምሴ ፊቱ አመድ ሆነ። እኔ ለቡላ አዝኖ መሰለኝ፤ እንዲያውም በልቤ ወደድኩት።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ የቡላን አንገት ሲዳስስ እጁ ቆመ። ሦስት ትኩስ፣ ጠንካራ እብጠት። «ይሄ ማክሰኞ አልነበረም። ምንድን ነው?»

«ንብ ነድፋው ይሆናል» አለ ጋሼ። «ቀፎ አለን፣ እዚያ ላይ።»

«ንብ? ሦስት ቦታ፣ እኩል ተራርቃ?» ዶክተሩ ቀና አለ። «ምንድን ነው የተሰጠው? ማን ምን ሰጠው?»

አፌን ልከፍት ጋሼን አየሁት፤ ፈቃድ ፍለጋ። እሱ ደግሞ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ይህቺ ልጅ ናት። ዓመቱን ሙሉ አጥንት ስታጎርሰው የከረመችው እሷ ናት። አጥንት ደግሞ ካልሲየም አይደል? እሷ ናት!»

እማማ ዘነበች በአጥሩ ላይ ነበሩ። ሁለት ለቃሚ ሴቶችም ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሮጥኩ። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ሥር ገብቼ፣ ከላይ በቡናው መሃል ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ አንገቴ ላይ እየወረደ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

ጆሮዬን ባልደፍን ኖሮ ዶክተሩ ምን እንዳለ እሰማ ነበር። «በጭራሽ። የበላው አጥንት ይህን አያደርግም። ልጅቷን ተዉአት» ብሎ ነበር። ስለ እብጠቱ ግን ጋሼ ከንቡ ወሬ አልወጣም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከጋሼ ሌላ እዚያ ቆመው የሰሙት አራት አዋቂዎች ናቸው። ከአራቱ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር ገብቶ «አንቺ አይደለሽም» አላለኝም። እናቴም ጭምር፤ ከዶክተሩ ጋር የጨው ውሃ ጠርሙስ ልትሰቅል ደፋ ቀና ትል ነበር፤ እኔም የሰማሁ መስሏታል።

ዶክተሩ የጨው ውሃውን አቮካዶው ላይ ሰቅሎለት በየቀኑ ይመላለስ ነበር። ዕጢው እንደማይድን ነገረን፤ ግን ደሙ ቢታጠብለትና የሚዋጥ መድኃኒት ቢጀመርለት ጥቂት ሳምንት በሰላም ያገኛል ብሎ አስቦ ነበር። ሳምንት! ለአንድ ውሻ ሳምንት ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ነው። ዳገቱን ስወጣ መንገድ ላይ የሚቀበለኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ሰኞ ጠዋት ሞተ። ጋሼ ደምሴ ከቡናው ውስጥ፣ ከጥላ ዛፉ ሥር ቀበረው። አልጠራኝም።

እኔ አጥንት ገዳይ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሉካንዳው በር ላይ መቆም ተውኩ፤ ሰውዬው «የቡላ ሚስት፣ ተጣላን እንዴ?» ሲል ሮጬ አልፋለሁ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። አጥንቱ ቡላን ከገደለ እኔንስ? ጥርሴን በመስታወት እያየሁ ፈራሁት፤ እሱም አጥንት መሆኑን ሰምቻለሁ። ከመንጋጋዬ ሥር ጠዋት ማታ እዳስሳለሁ። ውሃ ሲጠማኝ እደነግጥና አልጠጣም። አሥር ሊትር ተሸክሜ ዳገት ወጥቼ፣ ከንፈሬ ደርቆ፣ አልጠጣም!

ኅዳር ላይ አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ሣለች። «ካልሲየም ለአጥንታችንና ለጥርሳችን ጥንካሬ ይጠቅማል። ድገሙ!» ክፍሉ በሙሉ እየዘመረ ሲደግም እኔ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ይገድላል!»

«ማን ነው እሱ?»

«ይገድላል! ውሸት ነው የምታስተምሪን! ውሻዬን ገድሎታል፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት!» እያልኩ እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ። አስተማሪዋ ደንግጣ እጄን ይዛ እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰችኝ።

እናቴ አልተቆጣችም። ቡና እየለቀመች ነበር፤ ቅርጫቱን ከወገቧ ፈትታ አስቀመጠችና ከፊቴ ተንበረከከች። «ውሃሽን ለዶሮዎቹ ስትደፊ አይቻለሁ፤ አልጠማትም ብዬ ነበር። ንገሪኝ» አለች። ከአጥንቱ ጀመርኩ። ስለ ጉሮሮው ቡና ነገርኳት፣ ስለ ሽንኩርቱ ጣሳ ነገርኳት። «ጋሼ እንኳን የጉልበቱን መድኃኒት ሰጥቶት ነበር፤ እኔ ራሱን ይዤለት። አጥንቱ ግን አሸነፈው» አልኳት።

እናቴ የጠርሙሱን ስም ታውቅ ነበር። ቦራ የተነሣች ቀን አጠገቧ ነበረች። ፊቷ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ዶክተሩ ስለ አጥንቱ ምን እንዳለ የነገረችኝ ያኔ ነው፤ እዚያው ተንበርክካ፣ ሁለት ጉንጬን ይዛ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ ግን አላመንኳትም። እናት ልጇን ለማጽናናት የምትለው መሰለኝ።

ተነሥታ ወደ ወንድሟ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በሕይወቷ ድምጿን ከፍ አድርጋበት አታውቅም። ያን ቀንም ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ የቦራ ጠርሙስ የት አለ?»

«ሳጥን ውስጥ ነው። ምነው?»

«ሙሉ ነው?»

ቡና ማገላበጡን አቆመ።

«ልጄ ውሃ መጠጣት ፈርታለች» አለች እናቴ። «ሰው በቆመበት ነው እጅህን የጠቆምክባት። እኔ ሌላ የምልህ የለኝም።» ተመልሳ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አሰረች።

በዚያው ቅዳሜ ጋሼ ደምሴ ጠዋት ተነሥቶ ሉካንዳ ሄደ። አጥንት በትልቅ ኮባ አስጠቅልሎ ተሸክሞ ተመለሰ። በራችን ላይ ቆሞ «ጽጌ፣ ነይ ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ከፊት ከፊት ሄደ፣ ከኋላ ተከተልኩት። መጀመሪያ እማማ ዘነበች ደጅ ቆመ። አንድ አጥንት ከእጄ አንሥቶ ለውሻቸው ጣለለት፤ ውሻው ቆርጥሞ እስኪጨርስ ቆሞ አየ።

«ደምሴ፣ ምን ነካህ?» አሉት እማማ ዘነበች።

«አጥንት ውሻ አይገድልም» አላቸው። «የገደልኩት እኔ ነኝ፤ በመርፌ። ልጅቷ ናት ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። አንድ አጥንት ጣለ፣ ቆሞ ጠበቀ፣ ያንኑ ተናገረ። ውሻ ባለበት ደጅ ሁሉ እንዲሁ አደረገ። ሁለቱ ለቃሚ ሴቶች ቤት ውሻ የለም፤ እዚያም ቆሞ ተናገረ። ለእኔ ምንም አላለኝም። አጥንቱ ሲያልቅ ባዶውን ኮባ ከእጄ ወስዶ እንሰቱ ሥር ጣለው፤ ደመና ስለነበር ቡናውን ሊሸፍን ሄደ።